የመደመር ምልክት

ኦርኔላ ሱፐርግራቪቲ በተባለው የስበት ንድፈ ሐሳብ የጥቁር ጉድጓድ እኩልታዎች ያለ ግምት እስከ መጨረሻው ሊፈቱ እንደሚችሉ በቱሪን ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ሰሌዳ ላይ አሳይታ ስትጨርስ፣ ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ስሌቱን ለማቅለል ከአቅጣጫዎቹ ጠቅልለሽ ያስወጣሽው ጊዜን ነው ወይስ ቦታን?»

«ጊዜን።»

«ታዲያ ይቺ መደመር እዚህ ምን ትሠራለች? ጊዜ ሲጠቀለል መቀነስ አይደለም እንዴ?»

ምልክቱ ከተቀየረ የሦስት ዓመት ማረጋገጫዋ ይፈርሳል። መደመሩን ያስገቡት አማካሪዋ ነበሩ፤ ስትጠራጠር «ተይው፣ እኔ ሠርቼዋለሁ» ብለዋት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ወደ ተቀመጡበት ዞራ አየቻቸው።

«ስንት ጊዜ አረጋግጪ አልኳት!» አሉ አማካሪዋ ለአዳራሹ። «የዛሬ ልጅ የት ይሰማል!»

ሰው ሳቀ። ኦርኔላ መደመሩን በመዳፏ ጠረገችው።

«እውነታቸውን ነው፤ ነግረውኝ ነበር» አለች። አማካሪዋ ለሥራ የሚያስፈልጋትን የድጋፍ ደብዳቤ ገና አልጻፉላትም።