የተፈቀደው ሾላ

«እናቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ማመልከቻዎ ጸድቋል» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ መጥረቢያ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ወደ ግቢው እየገባ። አምና የሾላው ሥር ግድግዳዋን ሲሰነጥቀው «ይቆረጥልኝ» ብላ ያመለከተችው ራሷ ነበረች። ያለ ቀበሌ ፈቃድ የግቢን ዛፍ መንካት ክልክል ነበርና እግሯ እስኪቀጥን ተመላልሳለች። መልሱ የመጣው ግን ዛሬ ነው፤ እነዚሁ ጠባቂዎች ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲያፍሱ በዋሉበት ቀን።

ከዛፉ ሥር የወደቀውን አንድ እግር በረባሶ ጫማ በቀሚሷ ጫፍ ሸፍና ቆመች። «ትቼዋለሁ፣ ይቅርብኝ» አለች።

«ከተፈቀደ በኋላማ ዛፉ የሰፊው ሕዝብ ነው» ብሎ ሳቀ። «ለምልምሎቹ ማብሰያ ማገዶ አጥተናል። ይልቅ ፈቀቅ ይበሉ፣ እንዳይወድቅብዎት።»

የመጀመሪያው መጥረቢያ ሲያርፍ የሾላው ወተት በግንዱ ላይ ወረደ። ቅጠሉን ከሰፈሩ ግርጌ ካለው ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ብቻ ያንሿሿዋል፤ ከውስጡ ኮሽ የሚል የለም። እንደማይወርድ ታውቃለች። ጠዋት ሽቅብ እየገፋች ስታወጣው «እኔ ራሴ ካልጠራሁህ፣ ምን ቢመጣ እንዳትወርድ» ብላዋለች፤ ልጇ ደግሞ ከቃሏ ወጥቶ አያውቅም።

መጥረቢያዎቹ ተፈራረቁ። ግንዱ ሲጥ ብሎ ወደ አጥሩ ማዘንበል ሲጀምር «ቆዩ!» ብላ ጮኸች። ጎንበስ ብላ በረባሶውን አነሳች፤ አቧራውን በእጇ ጠረገችለት። ከዚያ ቀና አለችና፣ ለምሳ በምትጠራው ድምፅ፣

«ና ውረድ፣ የኔ ጌታ» አለችው።