ጥፋቱ የጆሮዋ ነው

«ጥጡ አይደለም። ሰማህ? ጥጡ አይደለም» ትላለች እናትየው፣ የፍራሽ መሥሪያዋን በር በክርኗ እየገፋች። ልጇ ግድግዳ ተደግፋ ከኋላዋ ትገባለች። ከክሊኒኩ ድረስ በእግር ነው ያመጣቻት፤ መራመድ ደረት ይከፍታል ብላ።

ታላቅ ወንድምየው ከወንበሩ ይነሣል። የቢሮ ሸሚዙን አቧራ እንዳይነካው በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሲጠብቃቸው ነበር። ሐኪም ትያት ብሎ ለወራት የጨቀጨቀው እሱ ነው። እህቱ ከአሮጌ ፍራሽ የወጣውን ጥጥ በዱላ መደብደብ ከጀመረች ወዲህ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ደረቷም ያፏጫል። እናታቸው የልጆቿን ባትሰማ የሐኪም ትሰማለች ብለው ተስፋ አድርገው ነበር።

ሰምታለች፤ የፈለገችውን ብቻ። ሐኪሟ አስም መሆኑን ከተናገረች በኋላ፣ ልጅቷ ሕፃን ሳለች ጆሮዋን ያማት እንደነበር ጠየቀች። የእናትየው አንጀት ቅቤ ጠጣ። ያማት ነበር ወይ ይባላል? መግሉ ትራስ ያበሰብስ ነበር እንጂ። «ጆሬ» የሚለውን ስም ያወጣችላት እኮ ራሷ ናት፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ በዚሁ ይጠራታል። ሐኪሟ በሕፃንነታቸው የጆሮ ሕመም የሚመላለስባቸው ልጆች ላይ አስም በብዛት እንደሚታይ፣ አንዱ ሌላውን ያመጣል ማለት ግን እንዳልሆነ አስረዳች። ከዚያ ወዲያ ስለ አቧራና ስለ ጥጥ የተባለውን እናትየው ጆሮ ዳባ ልበስ ብላዋለች። የታዘዘውን የሚሳብ መድኃኒትም አልገዛችም፤ ለጆሮ በሽታ በአፍ መሳብ ምን ሊረባ?

«ከጆሮዋ ነው የመጣው» ትላለች አሁን። «ስንት ጊዜ ጥጤን ስታሙት ኖራችሁ።»

«ዶክተሯ ከጥጡ ትራቅ አላለችም?» ወንድምየው የሚጠይቀው እህቱን ነው።

«ብላለች» ትላለች ጆሬ። ሌላ ቃል ለመጨመር ትንፋሽ ትፈልጋለች፤ እናትየው ግን አትጠብቃትም።

«እሺ፣ ትራቅ» ብላ ዱላውን ለልጇ ለወንዱ ትዘረጋለታለች። «አንተ ሸሚዝህን አውልቅና ግባበት። ነገ ጠዋት ፍራሹን ሊወስዱ ይመጣሉ። ወይ እሷ ናት፣ ወይ አንተ።»

አይቀበልም። ዱላውን ያያል፣ ሸሚዙን ያያል፤ እህቱን ግን አያይም። ቢሮ እንደረፈደበት፣ ሲመለስ ተረጋግተው እንደሚነጋገሩ አጉረምርሞ ውልቅ ይላል። ጆሬ በዓይኗ ትሸኘዋለች። ፈሪ። እንዲህ ያለ ወንድም ከሚኖር ባይኖር ይሻላል፤ ቢያንስ ተስፋ አያስደርግም።

እናትየው ግን ክፉ ነኝ ብላ አታስብም፤ እያከመቻት ነው። ዘይት በማንኪያ ታሞቃለች፣ የልጇን ራስ ጉልበቷ ላይ ታጋድማለች፣ ፀጉሯን ገለጥ አድርጋ በየጆሮዋ ጠብ ጠብ ታደርግላታለች። ይህ እጅ እንዲህ የሚለሰልሰው ጆሬ ስትታመም ብቻ ነው፤ ዛሬም ስለለሰለሰላት ሆዷ ይባባል። ትንሽ እንዲህ ብታቆያት ደስ ይላት ነበር።

«ምንጩ ከደረቀ ደረትሽም ይድናል፣ የኔ ልጅ» ትላታለች እናቷ።

ከዚያ ከክምሩ ጥጥ ቆንጠር አድርጋ፣ ብርድ እንዳይገባባት ሁለቱንም ጆሮዋን ትወትፍላታለች። ዱላውንም ታስጨብጣታለች።

ጆሬ ትመታለች። አቧራው ተነሥቶ መስኮቱን ይጋርዳል። የመንገዱ ጫጫታ ጠፍቷል፤ ዱላውም የሌላ ሰው ይመስል ከሩቅ ነው የሚሰማት። እናቷ ከአቧራው ማዶ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ ምናልባት በርቺ እያለቻት ይሆናል። በተደፈኑት ጆሮዎቿ ውስጥ ጥርት ብሎ የሚሰማት የገዛ ደረቷ ፉጨት ብቻ ነው፣ በመታች ቁጥር እየቀጠነ ሲሄድ።