የዛሬው ወንበር

ዓቢዳ በወደብ ከተማዋ ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ ወዳለው የትኬት ቢሮ የገባችው ሊዘጋ ሲል ነበር። ጫት የሚመጣበትና ቢሮ ሁሉ የሚዘጋበት የቀትር ሰዓት ደርሷል፤ ዘበኛው የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ አውርዶታል።

አርሂባ ሰፈር ውስጥ ባሺር በሚባል ደላላ ቤት ምግብ ታበስላለች። ባሺር ወጣቶችን በጀልባ ወደ የመን ያሻግራል። ዛሬ ጠዋት እሷንም ወደዚያ ሊልካት ሲዋዋል ከመጋረጃ ጀርባ ሰማችው። ወደ አገሯ ወደ ድሬዳዋ መመለሻ ትኬት ነበራት፤ በረራው ግን የሚቀጥለው ወር ነው። ገበያ ልሂድ ብላ ወጥታ በዚያው ቀረች።

«ዛሬ መሄድ እፈልጋለሁ» አለቻት ትኬት ቆራጯን ኢክላስን።

«ይቻላል። የመቀየሪያ ቅጣት አለው፤ የዋጋ ልዩነትም ትጨምሪያለሽ።»

«ቅጣቱን ከከፈልኩ ልዩነቱ የምን ነው?»

«ቅጣቱ ቀኑን ስለቀየርሽ ነው። ልዩነቱ ደግሞ አንቺ በገዛሽበት ዋጋ የሚሸጥ ወንበር ለዛሬ ስላለቀ ነው።»

«አውሮፕላኑ ያው አይደል እንዴ?»

«ያው ነው እህቴ። ወንበሩም ያው ነው፤ ዋጋው ነው የሚለየው። እስከ እሁድ ከታገሥሽ ግን ቅጣቱን ብቻ ነው የምትከፍይው።»

ዓቢዳ እያመነታች ሳለ አንድ ሰው ከመዝጊያው ሥር ጎንበስ ብሎ ገባ። ባለፈው ሰሞን ከባሺር ጋር ራስ ለራስ ገጥመው ሲነጋገሩ አይታዋለች። ሻይ ያቀረበችለት እሷ ነበረች፤ ሳይነካው ነበር የሄደው።

ሰውየውም አያት። ወዲያው ፊቱን አዙሮ ጥቁር መነጽር አጠለቀ።

«እሁድ ይሁንልሽ?» አለች ኢክላስ።

«ዛሬ! ዛሬ ይሁን!»

በሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ፍራንክ ሁሉ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ሰውየው በወዲያኛው መስኮት ለሌላው ሠራተኛ በሱማልኛ ያንሾካሹካል። ከንግግሩ «ድሬዳዋ» የሚለውን ብቻ ለየች። የምትሄድበትን አውቋል ማለት ነው።

ትኬቱን እንደተቀበለች እየተጣደፈች ወጣች። ጎዳናው በሙቀቱ ጭር ብሏል፤ አንድም ታክሲ የለም። ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ፈጠነች፤ ኮቴውም ፈጠነ። አንድ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ ደረሰባትና ፊቷ ቆመ። ልትጮህ አፏን ከፈተች።

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ወደ ኋላው ገላመጥ አለ።

«እህቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ» አላት በአማርኛ፤ «እኔም ዛሬ ላመልጠው ነው፤ እዚህ እንዳየሽኝ ለባሺር እንዳትነግሪው።»