ውሃ ያልነካው ጋቢ

ድሬዳዋ ውስጥ ኤሲ ከተከለከለ ወዲህ ቀን ቀን በየመስኮቱ እርጥብ ጋቢ መስቀል ግዴታ ነው። የቀበሌው ሙቀት ተቆጣጣሪ ሮብሌ ዛሬ ገብቶ ሳሎኔን ለካ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ዲግሪ። እትዬ ስንዱ፣ ዳቦ ሊጋግሩበት ነው?»

«ለአንተ ብዬ ነው። ቁርስ ሳትበላ ነው የምትዞረው።»

«ወንበሩ ላይ ያለው ጋቢ ምን ይሠራል?»

«ያርፋል።»

«ይነከርና ይሰቀል። አለዚያ ወደ ማቀዝቀዣው አዳራሽ ልወስድዎ ነው፤ ክረምት እስኪገባ እዚያው ነዎት።»

«ነጠላዬን ብሰቅለውስ?»

«ደንቡ ጋቢ ነው የሚለው።»

ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ጋቢው ከዚያ ወዲህ ውሃ አልነካውም፤ ጠረኑ አሁንም አለበት። ሮብሌ በያዘው ቅጽ ላይ ይህ የሚሞላበት ቦታ የለም።

ጋቢውን በፌስታል አጥብቄ ቋጠርኩና ቤቴን ቆለፍኩ።

«መኪናህን የት አቆምካት?» አልኩት።