ክፍል ሰባት አልሰረዝ አለ

ፉፋ «ሰርዝ» የምትለዋን በተን ለአስራ ዘጠነኛ ጊዜ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ክፍል ሰባት ነጭ ሆነ፤ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ተመልሶ ቀላ። ተይዟል።

«ይሄስ የመጀመሪያ ባሌን መሰለኝ» አሉ እትዬ የሺዓለም። «ሄደልኝ ስል በጓሮ ይገባል።»

የላንጋኖው ሎጅ ባለቤት ናቸው። ፉፋ የሠራላቸውን የክፍል ማስያዣ ዌብሳይት ሊረከቡ አዳማ ድረስ መጥተው፣ ከፉፋ ጎን ተቀምጠው በጋዜጣ ያራግባሉ። ሙቀቱ የዝንብ ክንፍ ያቀልጣል። እስከ ቀትር ካልሠራ ሥራውን ለአዲስ አበባ ልጆች እሰጣለሁ ብለዋል። ለቀትር ሩብ ሰዓት ቀርቶታል።

«ሲሰረዝም ሲያዝም ለእንግዳው ወዲያው ቴክስት ይሄድለታል» ብሎ ጠዋት ጉራውን ነዝቶባቸው ነበር። አሁን በየት በኩል ጉራ ይንዛ? ሌላ የተያዘ ክፍል ስለሌለ የሚሞክረውም በዚሁ በአንዱ ነው።

«ሰርዝ አልኩት፣ ሰረዘ! ማን እንደሚመልሰው ነው ያልገባኝ!» ሃያኛውን ተጫነ። ነጭ፤ ቀይ። ማውሱን በመስኮት ሊወረውር ቃጣና የተዋሰው መሆኑ ትዝ ሲለው መልሶ አስቀመጠው።

እትዬ የሺዓለም ተስፋ ቆርጠው ወደ ሎጁ ደወሉ። «ወዬሳ! መብራት ከመጣ ጀነሬተሩን አጥፋው!»

«እሺ!» አለ ስልኩን በድምፅ ማጉያ የከፈተው ዘበኛው ወዬሳ። «እሺ!» አለች ወጥ ቤቷ ከኋላ። «እሺ!» አለ ባለጀልባው ከሐይቁ መሃል፤ ዝም ያለው ጉማሬው ብቻ ነው። ጀነሬተሩ ጠፋ። ወዲያው ደግሞ ሌላው ሮጦ ያንኑ ማጥፊያ ሲጫን የጠፋው መልሶ ተነሳ።

«ለወዬሳ ነው የተናገርኩት! እናንተ ምን አገባችሁ?»

የፉፋ ጣት አየር ላይ ቀረ። ትንሿ «ሰርዝ» በተን ያለችው ስክሪኑ ላይ በክፍሉ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ደግሞ በተነካ ቁጥር እንዲይዝ አድርጎ የሠራው ማን ሆነና? ራሱ ፉፋ። በተኗ ትሰርዛለች፤ ንክኪው ከእሷ አልፎ ሳጥኑ ጋ ይደርሳል፤ ሳጥኑም ሰምቶ ለዚያው እንግዳ መልሶ ይይዝለታል።

ንክኪው ከበተኗ እንዳያልፍ የሚያግድ አንድ መስመር ጻፈ። ተጫነ። ነጭ። ጠበቀ። አሁንም ነጭ።

«ገለቶሚ፣ ተባረክ የኔ ልጅ!» ብለው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ስልካቸው ጮኸ።

«እትዬ፣ ዲበኩሉ ነኝ፣ የክፍል ሰባቱ። በዌብሳይታችሁ የመጀመሪያው እንግዳ ነህ ያላችሁኝ። ተሰርዟል ሲለኝ መኪናዬን አዞራለሁ፣ ተይዟል ሲለኝ እመለሳለሁ። ቡልቡላ ላይ ሃያ ጊዜ ዞርኩ እኮ! የከተማው ሰው ወንበር አውጥቶ እያየኝ ነው። አሁን ደግሞ ተሰርዟል ብሎ ዝም አለ። ልሂድ በቃ?»

እትዬ የሺዓለም ፉፋን አዩት። ፉፋ ስክሪኑን አየ። ክፍል ሰባት እንደ ታጠበ አንሶላ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል።