በር በማለዳ ሲንኳኳ

የወንድሙን ሞት በማለዳ መጥተው ካረዱት ወዲህ፣ ጠዋት በር በተንኳኳ ቁጥር ልቡ እንደ ከበሮ ይደልቃል። ሐኪሙ «ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው» ብሎ ሸኝቶታል። የተማረ ሰው የድሃ በሽታ መቼ ይታየዋል!

እሑድ ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍተው ነጠላ ያጣፉ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ላብ አጠመቀው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው።

ትንፋሹ ቁርጥ አለ። «ማን ነው? እህቴ ናት? ንገሩኝና ልገላገል!»

«ኧረ የሞተ የለም! ሴት ልጅህን ለልጃችን ስጠን ልንል ነው የመጣነው።»

በደስታ እግራቸው ላይ ተደፋ። ሽማግሌ ደጋግሞ ማመላለስ ወግ መሆኑንም ረሳ። «ሰጥቻለሁ! ውሰዷት!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አትጠይቅም?»

«የማንም ይሁን! ሰው አልሞተም አይደል?»

«የአቶ ይመኑ ልጅ ነው።»

ይመኑ! በእድር ስብሰባ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት «ፊደል ያልቆጠረ» ብሎ ያዋረደው ይመኑ! ቃሉን ሊያጥፍ አፉን ሲከፍት፣ ሚስቱና ልጁ ከጓዳ እልልታውን አቀለጡት።