የመስኮቱ አግዳሚ

ዌንደል በአሜሪካ፣ በሜይን ግዛት ገጠር፣ በአንዲት ትንሽ ፍርድ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ሥርዓት አስከብሯል። በዳይና ተበዳይን ለመለየት ዓይኔ ይበቃኛል፣ ፋይል ምን ያደርግልኛል ባይ ነው። እዚያ ቤት ከትዳር ጓደኛው ጥቃት ከለላ የሚጠይቅ በመስኮቱ በኩል፣ ተከሳሽ በግድግዳው በኩል ይቀመጣል።

ሰኞ ጠዋት ሲገባ የመስኮቱ አግዳሚ ላይ በር የሚያህል እንጨት ቆራጭ ተቀምጧል። አንድ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ጭኑ ላይ የድመት ቅርጫት አቅፏል። ግድግዳው ጋ ሚስቱ ሎሬታ፣ አንድ ፍሬ የምታህል ሴትዮ፣ በሳህን ኬክ ይዛ ቁጭ ብላለች።

የዌንደል ደም ፈላ።

«አንተ፣ ተነስ። ማነው እዚህ ያስቀመጠህ?»

«ጸሐፊዋ ናት፣ ጌታዬ።»

«ተሳስታለች። ከወይዘሮዋ ጋር ቦታ ተለዋወጡ። ቅርጫቱንም ወዲህ በል። ሕጉ አሁን ለድመትም እንደሚቆም አታውቅም?»

«አውቃለሁ እንጂ። እኔም እኮ ለሱ ብዬ...»

«ለዳኛዋ ትነግራቸዋለህ።»

ሰውየው እስከ ጆሮው ቀላ፤ ቅርጫቱን አስረከበ፣ ዌንደልም ለሎሬታ ሰጣት። ሄዶ የመጨረሻው ጥግ ላይ ኩርምት አለ።

ሎሬታ ቅርጫቱን ገና ስትከፍተው ድመቱ ተስፈንጥሮ ወጣና ዌንደል አናት ላይ ጥፍሩን ተከለ። ዌንደልን አመመው፤ ከሕመሙ በላይ ግን ድመቱ አሳዘነው። ምን ቢያሰቃየው ነው ብሎ ሰውየውን ገላመጠው።

«አይዞህ ልጄ፣ ኬክ ብላ» አለችው ሎሬታ። «ባለቤቴ እንደሆነ ድመታችን ኮሎኔል ከሌለበት ቤት አያድርም። ድመቱ እኔ ጋ ካለ ማታ ራሱ ይመጣል።»

«እኔ እያለሁ ዝር አይልም» አለ ዌንደል ኬኩን እየጎረሰ። ኮሎኔልን በመከራ ከራሱ ላይ ነቅሎ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተውና ክዳኑን ቆልፎ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ጥግ ላይ ያለው ግዙፍ ሰው በፋሻው ዓይኑን ጠረገ። የአዞ እንባ፣ አለ ዌንደል በልቡ።

ዳኛዋ ገቡ። ፋይሉን ቀድመው ስላነበቡት ሐተታ አላበዙም።

«ወይዘሮ ሎሬታ ፒንክሃም ከአመልካቹ ከአቶ ኦረን ፒንክሃምም ሆነ ከድመታቸው መቶ ሜትር እንዲርቁ ታዟል» ብለው ቀና አሉ። «ዌንደል፣ አፍህን ጥረግና ድመቱን ለሰውየው መልስ።»